«ኢንት» ማለት ማጣራት አይደለም፣ «ስታቲክ»ም የግል ኪስ አይደለም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከኮድ ጋር የማትተዋወቁ ጓደኞቼም አትሽሹ፤ ጉዳዩ የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ክፍያና የስልክ ቁጥራችሁን ይነካል።

ለሥራ የሚያመለክቱ ወጣት ዴቨሎፐሮችን አልፎ አልፎ ኢንተርቪው አደርጋለሁ። «ስታቲክ ፕሮፐርቲ ምንድን ነው?» ስል መልሱ ፈጣን ነው፦ «የክላሱ እንጂ የኦብጀክቱ ያልሆነ፣ ኦብጀክት ሳንፈጥር የምንጠራው»። ትክክል። «ካስቲንግስ?» «አንድን ዳታ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር»። እሱም ትክክል። ከዚያ «ስታቲክ ውስጥ ያስቀመጥከው ነገር መቼ ነው የሚጠፋው?» ወይም «ሰውዬው 1,500 ብሎ ጽፎ ቢልክልህና ኢንት ብለህ ካስት ብታደርገው ስንት ይሆናል?» ስል ዝምታ ይወርዳል። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። የተሰጣቸው ትርጉሙ ነው፣ ፈተና ላይ የሚመጣውም ትርጉሙ ነው፣ ትርጉሙን ያዙ።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ካስቲንግና ስታቲክ የሲንታክስ ርዕስ ተደርገው በአንድ ስላይድ መታለፍ የለባቸውም። ሁለቱም ፕሮግራመሩ ማሽኑን «ዝም በል፣ እኔ አውቃለሁ» የሚልባቸው ቦታዎች ናቸው። ካስት ስታደርግ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ዘጋህ። ስታቲክ ስትል ደግሞ «ይሄ የማን ነው? እስከ መቼ ይቆያል?» የሚለውን ዘጋህ። ማሽኑ ታዛዥ ነው፣ እሺ ብሎ ዝም ይላል። ችግሩ ያለው ዝምታው ላይ ነው።

በምሳሌ እንሂድ። ብዙዎቻችን እንጀራ የምንበላበት ፒ ኤች ፒ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ራስመስ ለርዶርፍ በ1994 ለራሱ ድረ ገጽ ብሎ የጀመራት፣ በ1995 ለሕዝብ የለቀቃት ትንሽ መሣሪያ ነበረች። ድር ላይ የሚመላለሰው ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው። ፎርም ላይ የሞላኸው ዕድሜ፣ ዋጋ፣ ብዛት፣ ሁሉም ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው እንደ ስትሪንግ ነው። በኤች ቲ ኤም ኤል «ናምበር» የሚል ሳጥን ብታደርግለት እንኳ የሚላከው የአሃዞች ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ቋንቋው ገና ከጅምሩ ደግ መሆን ነበረበት፤ ጽሑፉን አይቶ «ቁጥር ሊሆን ይችላል» ብሎ መገመት። ያ ደግነት ሚሊዮኖችን ወደ ሙያው አስገብቷል፤ እኔ እንደ ብዙዎች አልሳደብበትም። ደግ ቋንቋ ግን ንቁ ፕሮግራመር ይፈልጋል።

እንግዲህ 1,500። በአገራችን ሰው ሁሉ ገንዘብ ሲጽፍ በሺው ላይ ኮማ ያደርጋል። ደረሰኙም፣ ቼኩም፣ የባንክ መልእክቱም እንደዚያ ነው። ፒ ኤች ፒ ስትሪንግን ወደ ኢንት ካስት ሲያደርግ ከግራ ጀምሮ አሃዝ እስካገኘ ድረስ ያነባል፤ አሃዝ ያልሆነ ነገር ሲገጥመው ያቆማል፣ የቀረውን ይጥላል። ኮማው ላይ ቆመ። 1,500 ብር 1 ብር ሆነ። 12,500 ብር 12 ብር ሆነ። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሎግ ላይ አንድ መስመር የለም። ፍሎት ብትለውም ያው ነው። «ብር 1500» ብሎ ቃሉን ቀድሞ ለጻፈ ሰው ደግሞ 0 ይሆናል፤ አሃዝ ሳያገኝ ገና በበሩ ቆመ ማለት ነው።

ይሄን ያመጣሁት ከጭንቅላቴ አይደለም። የድሮ ተማሪዬ የነበረ ልጅ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የተተከለ የክፍያ ሲስተም እንዲጠግን ተጠርቶ አሳይቶኛል። ወላጅ 12,500 ብር ከፍሏል፣ ባንክ ገብቷል፣ ደረሰኝ አለው። ሲስተሙ ግን «ቀሪ ዕዳ 12,488 ብር» እያለ ልጁን ያልከፈለ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ገንዘብ ያዧ ጸሐፊ ትላንት ኮማ ሳታደርግ ስትመዘግብ በትክክል ሠርቶላታል፣ ዛሬ በኮማ ስትመዘግብ ተበላሸ። ስለዚህ «ሲስተሙ አንዳንዴ ይሳሳታል» የሚል ወሬ ነበር ቢሮው ውስጥ። ሲስተሙ አንዳንዴ አይሳሳትም፤ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚያደርገው። የሚለያየው የሰው አጻጻፍ ነው። ኮዱን ስናየው አንድ መስመር ነው፤ በቅንፍ «ኢንት» የምትል ቃል ከፎርሙ ዋጋ ፊት ተቀምጣለች። የጻፈው ሰው ምናልባት ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት ነው።

አዎ፣ ጥንቃቄ። እዚህ ጋ ነው አንድ የቆየ ልማድ የማገኘው። ብዙ ቲቶሪያሎች ካስቲንግን እንደ ደኅንነት ዘዴ አስተምረዋል፦ «ከዩ አር ኤል የሚመጣውን መለያ ቁጥር ኢንት አድርገው፣ ኤስ ኪው ኤል ኢንጀክሽን አይገባም»። እውነት ነው፣ በዚያ ቦታ ላይ አይገባም። ግን 12 የሚለውን መለያ ተከትሎ ፊደል የለጠፈ ሰው ዝም ብሎ የ12ኛውን ሰው መዝገብ ያያል። ጥያቄው የተሳሳተ መሆኑን ሲስተሙ አላወቀም፤ የተሳሳተውን ጥያቄ አስተካክሎ መለሰ። ኢንጀክሽን ለመከላከል የተዘጋጀ መጠይቅ፣ ፕሪፔርድ ስቴትመንት የምንለው አለ። ግብአት ለማጣራት ደግሞ ቫሊዴሽን አለ። ካስቲንግ ሁለቱንም አይደለም። ካስቲንግ የተጣራውን ነገር ቅርጽ ማስያዝ ነው፤ ጤፉ ሳይበጠር አይፈጭም።

ፒ ኤች ፒ ራሱ ያቀረበው ማጣሪያ አለ፤ ፊልተር ቫር የሚባለውን ፈንክሽን «ኢንቲጀር መሆኑን አረጋግጥልኝ» ብላችሁ ስትሰጡት «1,500»ን ፎልስ ብሎ ይመልስላችኋል። ያኔ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ኮማውን አውጥታችሁ እንደገና ታዩታላችሁ፣ ወይም ለሰውየው «ቁጥሩን ያለ ኮማ ይጻፉ» ትሉታላችሁ። ሁለቱም ጥሩ ነው። መጥፎው ሳይነግሩት 1 ብር ማድረግ ነው።

«ቋንቋ ቀይር» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፓይተን ላይ ያንኑ ጽሑፍ ወደ ኢንት ልቀይር ብትል ቫልዩ ኤረር ብሎ ይጮኻል። ጃቫም ላይ ናምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ወድጄላቸዋለሁ። ግን ብሮውዘሩ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት ፓርስ ኢንት ሲባል ልክ እንደ ፒ ኤች ፒ 1 ብሎ ይመልሳል፤ ያለ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ዌብ የለም። እዚያ ላይ 5 የሚል ስትሪንግ ላይ 3 ብትደምር 53 ይሰጥሃል፣ ብትቀንስ ግን 2። ሂሳብ አስተማሪ ይሄን ቢሰማ ጡረታ ይጠይቃል።

ሳንቲምም አለ። ዋጋው 19 ብር ከ99 ሳንቲም ነው እንበል። ወደ ሳንቲም ለመለወጥ በ100 አባዝተህ ኢንት ብለህ ካስት ታደርጋለህ። 1999 ጠበቅህ፤ 1998 ተሰጠህ። ምክንያቱም ፍሎት 19.99ን በትክክል መያዝ አይችልም፤ ሲባዛ 1998.9999 እየተባለ የሚቀጥል ነገር ይሆናል፣ ካስቲንግ ደግሞ አያጠጋጋም፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። አንዲት ሳንቲም። «ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ሂሳብ ክፍል የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቋቸው፤ የአንዲት ሳንቲም ልዩነት ያለው መዝገብ የማይዘጋ መዝገብ ነው፣ ቅዳሜንም ቢሮ ያስውላል። ማጠጋጋት ከፈለግህ ማጠጋጊያ ፈንክሽን ጥራ፤ ከተቻለ ደግሞ ገንዘብን ከመጀመሪያውም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ።

ቡሊያን ጋ ስንሄድ ደግሞ የባሰ ነው። በፒ ኤች ፒ 0 የሚለው ስትሪንግ ወደ ቡሊያን ሲቀየር ፎልስ ነው። 0.0 የሚለው ስትሪንግ ግን ትሩ ነው። «ፎልስ» ተብሎ በላቲን ፊደል የተጻፈው ቃል ራሱ ትሩ ነው፣ ባዶ አይደለምና። ለዚህ ነው ፎርም ላይ «ስንት ልጅ አለዎት?» ተብሎ 0 የመለሰ ሰው «እባክዎ ይህን ሳጥን ይሙሉ» የሚባለው፤ ኤምፕቲ የምትለዋ ፈተና ዜሮን ባዶ ናት ትላለች። ልጅ የሌለው ሰው ሳጥኑን ሞልቶታል እኮ!

በነገራችን ላይ፣ በግዕዝ አኃዝ ፲፪ ብላችሁ ጽፋችሁ ካስት ብታደርጉ የሚመጣው 0 ነው። ማንም ፎርም ላይ በግዕዝ አይሞላም ትሉኝ ይሆናል፤ ከቤተ ክህነት መዛግብት ጋር የሚሠራ ሰው ግን ይገጥመዋል።

ከ2015 ወዲህ ነገሮች እንደተሻሻሉ አልክድም። በዚያ ዓመት መጨረሻ የወጣው ፒ ኤች ፒ 7 ለኢንት፣ ለስትሪንግ፣ ለፍሎትና ለቡል የፓራሜትር ዓይነት ማወጅን አመጣ፤ ስትሪክት ታይፕስ የሚለውን መስመር ፋይሉ አናት ላይ ስታደርግ ደግሞ ኢንት የሚፈልግ ፈንክሽን ስትሪንግ ሲሰጠው በቀጥታ ታይፕ ኤረር ይላል። ልብ በሉ ግን፣ የሚሠራው ከዚያ ፋይል ውስጥ ለሚደረጉ ጥሪዎች ብቻ ነው። በ2019 የወጣው 7.4 ለፕሮፐርቲዎችም፣ ስታቲኮቹን ጨምሮ፣ ዓይነት ማወጅን ፈቀደ። በ2020 የወጣው 8.0 ዜሮን ከማንኛውም ቃል ጋር በሁለት እኩል ይሆናል ምልክት ስታወዳድር ትሩ ይል የነበረውን ጉድ አስቀረው። ግልጽ ካስቲንግ ግን አልተነካም። ዛሬም በአዲሱ ቨርዥን «1,500» ኢንት ሲባል 1 ነው። ትክክልም ነው፤ አንተ «እኔ አውቃለሁ» ብለሃላ!

እዚህ ላይ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። የቋንቋው መሻሻል ራሱ ዓይነት ሳያጣራ ይኖር የነበረን ኮድ ይሰብራል። ፒ ኤች ፒ ከማይኤስኪውኤል ጋር በፒ ዲ ኦ ሲነጋገር ለረጅም ጊዜ በነባሪው አሠራር ቁጥሮችን ሁሉ ስትሪንግ አድርጎ ነበር የሚመልሰው። ከ8.1 ጀምሮ ኢንቲጀር ኢንቲጀር ሆኖ ይመጣል። ግሩም ለውጥ ነው። ግን «1 ከሚለው ስትሪንግ ጋር በሦስት እኩል ይሆናል ምልክት እኩል ከሆነ አስገባው» ብሎ የጻፈ ሰው ሰርቨሩ በታደሰ ማግሥት ማንም ሊገባለት አልቻለም። ኮዱ አልተለወጠም፣ ዳታው አልተለወጠም፤ ዓይነቱ ተለወጠ።

እሺ፣ ወደ ስታቲክ። እዚህ ጋ ረዘም ብዬ ልቆይ፣ ምክንያቱም የካስቲንግ ስሕተት ገንዘብ ያጎድላል፣ የስታቲክ ስሕተት ግን የአንዱን ሰው ምሥጢር ለሌላው ይሰጣል።

ስታቲክ ፕሮፐርቲ አንድ ነው። ክላሱ አንድ ስለሆነ እሱም አንድ ነው፤ መቶ ኦብጀክት ብትፈጥር መቶዎቹም የሚያዩት ያንኑ አንዱን ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ይገባችኋል፦ ኦብጀክት ማለት የየራሳችሁ ቤት ነው፣ ስታቲክ ማለት ግቢው ውስጥ ያለው የጋራ ቤት። የጋራ ቤት ውስጥ በግ ማረድ ይቻላል፣ ልቅሶ መቀመጥ ይቻላል፤ የባንክ ደብተር ግን አይቀመጥም።

ታዲያ ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው? ስለሚመች። «አሁን የገባው ተጠቃሚ» የሚለውን ከፈንክሽን ወደ ፈንክሽን እያቀባበሉ መሄድ ይሰለቻል፣ ስታቲክ ላይ አስቀምጦ ከየትም መጥራት ይቀላል። የፒ ኤች ፒ የተለመደ አሠራር ደግሞ ይሄን ልማድ ለዓመታት ሸፍኖለታል። አንድ ሪኩዌስት ሲመጣ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል፣ መልሱ ሲሄድ ሁሉም ይጸዳል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮሰስ ለሚቀጥለው ሰው ቢያገለግልም ያንተ ክላሶችና ስታቲኮች ይዘታቸው ተደምስሶ ነው የሚቀጥለው። ማለትም የጋራ ቤቱ በየደቂቃው እየተጠረገ ነው። ስለዚህ እዚያ ያስቀመጥከውን ዕቃ ሌላ ሰው አግኝቶት አያውቅም፣ አንተም የግል ኪስህ መሰለህ።

ያ መጥረግ የማይደረግበት ቦታ ስትሄድ ነው ጉዱ የሚፈላው። ከበስተጀርባ ሆኖ ወረፋ የሚያስተናግድ ወርከር ለምሳሌ። አንዴ ይነሣል፣ ከዚያ ለሰዓታት፣ ለቀናት በሕይወት ይኖራል፣ ሥራ ሲመጣለት ይሠራል። ስዉልና ሮድራነር የሚባሉት፣ በላራቬልም በኩል በ2021 የመጣው ኦክቴን፣ ዌብሳይቱን ራሱን በዚህ መልክ ነው የሚያስኬዱት፤ አፕሊኬሽኑ አንዴ ተነሥቶ ብዙ ሪኩዌስት ያስተናግዳል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጃቫና ኖድ ጄኤስ ደግሞ ድሮም እንዲህ ናቸው፤ ስታቲኩ ሰርቨሩ እስኪዘጋ ድረስ አለ፣ ብዙ ተጠቃሚም ባንድ ጊዜ ይነካዋል።

አሁን ይቺን ኮድ አስቡ። «የአሁኑ ተማሪ» የምትባል ሜተድ አለች። ስታቲኩ ባዶ ከሆነ ተማሪውን ከዳታቤዝ አምጥታ ታስቀምጠዋለች፤ ባዶ ካልሆነ ያለውን ትመልሳለች። ሁላችሁም ጽፋችኋታል፣ መጽሐፍ ላይም አለች፣ ዳታቤዙን ደጋግሞ ላለመጠየቅ ነው። በአንድ ሪኩዌስት አንድ ተማሪ ስላለ ችግር የለባትም። ለወላጆች አጭር መልእክት የሚልክ ወርከር ውስጥ ግን አስገቧት። ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ መጣ፣ ስታቲኩ ባዶ ነው፣ የመጀመሪያው ልጅ ተጫነ፣ መልእክቱ በትክክል ሄደ። ሁለተኛው ሥራ መጣ። የስልክ ቁጥሩ ከሥራው ጋር ስለመጣ ትክክል ነው። ስሙና ውጤቱ ግን ከ«የአሁኑ ተማሪ» ነው የሚወሰደው፤ እሱ ደግሞ ባዶ አይደለም። ሁለተኛዋ እናት የመጀመሪያውን ልጅ ስምና ውጤት በስልኳ አነበበች። ሦስተኛውም አባት። አራት መቶኛውም።

የሚያበሳጨው ይሄ ኮድ በዴቨሎፐሩ ላፕቶፕ ላይ መቼም አይሳሳትም፤ አንድ መልእክት ልኮ ይሞክራል፣ ይሠራል፣ በቃ። አውቶማቲክ ቴስት ካለውም እያንዳንዱ ለብቻው ሲሮጥ ያልፋል፣ አብረው ሲሮጡ ደግሞ እንደ ቅደም ተከተላቸው አንዴ ያልፋሉ አንዴ ይወድቃሉ። ያኔ «ቴስቱ ነው የተበላሸው» ተብሎ ቴስቱ ይሰረዛል። ባካችሁ አትሰርዙት! እውነቱን የነገራችሁ እሱ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ተራ ነው። ተማሪውን በፓራሜትር አቀብሉት። አዎ፣ ይሰለቻል። ግን ፈንክሽኑን ያየ ሰው ሁሉ የማንን ዳታ እንደሚነካ ከርዕሱ ያነባል።

ውርስ ላይም ስታቲክ ሰው ያታልላል። «ክፍያ» የሚል ክላስ ላይ «ጠቅላላ ድምር» የሚል ስታቲክ አድርጋችሁ፣ ከሱ «የወር ክፍያ» እና «የምዝገባ ክፍያ» የሚባሉ ልጆች ብታወጡ፣ ሁለቱ ልጆች የየራሳቸው ድምር የላቸውም። የአባትየውን አንድ ድምር ነው የሚጋሩት፤ ልጁ ራሱ እንደገና ካላወጀው በቀር። ቢያውጅም እንኳ አባትየው ክላስ ውስጥ ያለው ኮድ «ሰልፍ» ብሎ ከጠራ የሚያገኘው የአባቱን ነው። «ስታቲክ» ብሎ ሲጠራ ነው የጠሪውን ልጅ የሚያየው፤ ይሄ ደግሞ በ2009 ከወጣው 5.3 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የወር ክፍያ ሪፖርታችሁ ውስጥ የምዝገባ ብር ተደምሮ ካገኛችሁት ካልኩሌተሩን አትጠርጥሩ።

ሁለቱ ርዕሶች የሚገናኙበት ቦታም አለ፣ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው እሱን ነው። «መምህር፣ ቅናሹን ክላሱ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ወደ ሞባይል አፑ ስልከው ይጠፋል»። አስቀምጦት የነበረው በስታቲክ ነው። ኦብጀክትን ወደ አሬይ ካስት ስታደርጉ ስታቲኮች አይወጡም። ወደ ጄሰን ስትቀይሩት አይወጡም። ሴሽን ውስጥ ለማስቀመጥ ሲሪያላይዝ ሲደረግ አብረው አይሄዱም፤ በሚቀጥለው ሪኩዌስት ኦብጀክቱ ሲመለስ ስታቲኩ በመነሻ ዋጋው ይጠብቃችኋል። ይሄ የቋንቋው ጉድለት አይደለም። ኦብጀክቱን ላከው አልከው፣ የኦብጀክቱን ላከልህ። ስታቲኩ የሱ አልነበረም። ዳታ ሲጠፋባችሁ «እንዴት ልላከው?» ከማለት በፊት «የማን ነበር?» በሉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። ቅናሹ የዚያ አንድ ዕቃ ቅናሽ ከሆነ ተራ ፕሮፐርቲ ነው መሆን ያለበት።

ስታቲክን ጨርሳችሁ ተዉት እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሉም አሉ፣ አልስማማም። የማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያን ወራት ስም ዝርዝር፣ ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስቱን፣ ለሁሉም የጋራ ብታደርጉት ማን ይጎዳል? እንዲያውም ኮንስታንት አድርጉትና ማንም እንዳይነካው። ሁኔታ የማይዙ ስታቲክ ሜተዶችም ምንም አይሉም። ስታቲክ የግድ ካስፈለጋችሁ ደግሞ ዓይነቱን አውጁለት፣ መነሻ ዋጋ ግን በግድ አትስጡት፤ ማንም ሳይሞላው ሊያነበው ሲሞክር ፒ ኤች ፒ ኤረር ይወረውራል። ከዝምታ ኤረር ይሻላል። እዚህ ሙያ ውስጥ ጩኸት ወዳጅ ነው።

«እኛ እኮ ትንሽ ሲስተም ነው ያለን፣ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ፣ ወርከር የለን ምን የለን» የሚል ይኖራል። ጥሩ። ግን አገራችን ውስጥ ስንት ትንሽ ሲስተም ነው ትንሽ ሆኖ የቀረ? በአንድ ክሊኒክ ተጀምሮ ወደ አምስት ቅርንጫፍ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ልጅ ሥራ ይለቅቃል፣ ሁለተኛው መጥቶ መልእክት መላኪያ ይቀጥልበታል። ሁለተኛው ልጅ የመጀመሪያውን ግምት አያውቅም፤ ኮዱ ላይ አልተጻፈማ። ኢንት የምትለዋ ቅንፍ «እዚህ ኮማ አይመጣም» የሚል ግምት ናት። ስታቲኳ «እዚህ ከአንድ ሰው በላይ አይመጣም» የሚል ግምት ናት። ሁለቱም ለጻፈው ሰው ግልጽ ናቸው፣ ለተረከበው ሰው አይታዩም።

የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ ፈተና ስታወጡ «ስታቲክ ምን ማለት ነው?» ከሚለው ጎን አንድ የተሰበረ ፕሮግራም ስጧቸው። ሁለት ሰው በተራ ይገባበታል፣ ሁለተኛው የአንደኛውን ስም ያያል፤ ለምን? ካስቲንግ ላይም «ዓይነቶቹን ዘርዝር» ከማለት ከገበያ የመጣ የእውነት ዋጋ ዝርዝር ስጧቸው፤ ኮማ ያለበት፣ «ብር» የተጻፈበት፣ አንዱ መስመር ላይ ከቁጥሩ በፊት ክፍት ቦታ የገባበት። ግማሽ ቀን ይታገሉበት። ኮፒ አድርገው የሚያመጡትን መልስ ደግሞ «ይሄን መስመር ባወጣው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ኮዱን ማን እንደጻፈው ያኔ ይታወቃል።

አሁን ለምታስተዳድሩት ሲስተም አንድ ሥራ ልስጣችሁና ልሂድ። ዳታቤዛችሁን ክፈቱና የስልክ ቁጥር የሚለውን ዓምድ ዓይነት ተመልከቱ። ኢንት ከሆነ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ቁጥር ሁሉ የመጀመሪያ ዜሮውን አጥቷል። ከዚያ 2147483647 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። የተራ ኢንት ጣሪያ እሱ ነው፤ በ251 የሚጀምር አሥራ ሁለት አሃዝ ስልክ ሲገባበት አይበቃውም፣ ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ሞዱ ከጠፋበት ደግሞ ያለ ኤረር ጣሪያውን ይጽፍና ያልፋል። ያንን ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ ካገኛችሁት ብዙ ደንበኞቻችሁ አንድ ስልክ አላቸው ማለት ነው፣ የእውነተኛው ቁጥራቸውም ከዚያ ዓምድ ላይ አይመለስም። ዓምዱን ወደ ቫርቻር ቀይሩት፣ ከዚያ የወረቀት ፎርሙ ያለበትን ሣጥን ፈልጉ። ስንት እንዳገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።